ስማቸው የቀላው ጋሼ

ከአሞራ ገደል በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት አጠገቧ ያሉትን ሽማግሌ ትጠይቃለች።

«ጋሼ፣ ከኳየር ልምምድ ለምን ጠፉ?»

«አባረርሽኝ እኮ!»

«እኔ?»

«ለኳየሩ በሠራሽው የስልክ ቻት ላይ የሁሉም ስም ጥቁር፣ የእኔ ብቻ ቀይ። ያውም ወፍሮ!»

«ውይ ጋሼ! ቻቱን ስሠራ እሁድ ሶሎ፣ ብቻውን የሚዘምረው ሰው ስም ቀልቶና ደምቆ እንዲወጣ ኮዱ ላይ ጽፌ ነው።»

«ሶሎ?»

«አዎ፣ እርስዎ ነዎት የተመረጡት።»



«ታዲያ ማን ነገረኝ? ባለቤቴ እንኳ አልቅሳልኛለች።»

«ይቅርታ፣ ዛሬውኑ አረንጓዴ አደርገዋለሁ።»

«አድርጊው። ውፍረቱን ግን እንዳትነኪብኝ!»

ጉዱማሌ ላይ «ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ፤ ወሬያቸውን ስሰማ መውረጃዬን አለፍኩ።