ካሳው ሳይወሰን አንነሣም

ስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ለተበደሉት የሚፈርድ ስሙ ይክበር።

ልጆቼ፣ ያለጊዜው የመጣ ዝናብ የታጨደ ሰሊጣችንን እንደተከመረ ባበሰበሰበት ዓመት፣ እዚሁ መተማ በእኛ ደብር ያደገችው ሐረገወይን ስለ አየር ንብረት በሚመክረው የዓለም ጉባኤ ለአገራችን ትከራከር ነበር። ከገበሬዎቹ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ ደወለች። «መሪጌታ፣ አየሩን ያዛባውን ጭስ የለቀቁት ሀብታም አገሮች ለተጎዱት የሚከፈለውን ካሳ ለከርሞ አቆይተን እንበተን ይላሉ። ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ልጄ፣ በእኛ አገር ሽማግሌ ጠበኞቹን ሳያስታርቅ ከተቀመጠበት ይነሣል?» አልኋት። «እንግዲያውስ አልነሣም!» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሰሊጡ የጠፋበት አያ ውባንተ ሳቀ። «መሪጌታ፣ እነዚያ ትልልቅ መንግሥታት እንደኛ የሸሕዲ ባላገር መሰሉዎት? ከነወንበሯ አንሥተው ይጥሏታል!» አለ። እኔም ልቤ እየፈራ ዳዊቴን ገለጥሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩ ጮኸ። «መሪጌታ፣ መጀመሪያ ሁሉም ሊወጣ ሲነሣ እኔ ብቻዬን ተቀምጬ ቀረሁ። ቀጥሎ የአንዲት ደሴት ተወካይ ሻንጣዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ከዚያ የሱዳኑ፣ ከዚያ ድሃ አገሮች በሙሉ! ሰብሳቢው ቢለምነን አልተንቀሳቀስንም። ያለ ሁላችን ስምምነት ጉባኤው አይዘጋምና ሀብታሞቹ ከበር ተመለሱ፤ ካሳው ጸደቀ!» ያ ሲስቅ የነበረ ውባንተ ከሁላችን ቀድሞ ዘሎ ተነሣና «ሰማችሁ? የእኛ ልጅ እኮ ናት!» እያለ ፎከረ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ መቋሚያዬን ይዤ አሸበሸብሁ።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ለደካማው አጋር የምትሆኑበትን ልብ ይስጣችሁ፤ ዝናባችሁን በወራቱ ያውርድላችሁ፤ አዝመራችሁን ይባርክ፤ አሜን።