በስልጠና አዳራሽ ስለተነጠቀ ማይክሮፎን

የተጠርጣሪ ቃል

ቃል ሰጪ፦ የጉዞ አማካሪ፣ የራሷ ቢሮ ያላት
ዕድሜ፦ 46
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ጠዋት፣ ድርጊቱ በተፈጸመ ማግስት
የተጠረጠረችበት ጉዳይ፦ የአካል ጉዳት ማድረስ

ቃል ላለመስጠት መብት እንዳለኝ መርማሪው ነግሮኝ ተረድቻለሁ። መብቱን አልፈልገውም፤ እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ይበቃኛል። ስለ ጉዳዩ ስጠየቅ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

የግል ተበዳይዋ አብሮ አደጌ ናት። የጉዞ አማካሪነቱንም የጀመርነው አብረን፣ በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ስልክ ነው። እኔ መንገደኛውን አነጋግራለሁ፣ እሷ ትኬቱን ትቆርጣለች። ከስድስት ዓመት በፊት እናቴ ታማ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች፣ የላክናቸው ጡረተኞች ተያያዥ በረራቸው ተሰርዞ ሰው አገር አየር ማረፊያ ውስጥ ቀሩ። ከመካከላቸው አንዱ የስኳር ሕመምተኛ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ከሻንጣው ጋር ተጭኖ ነበር። የግል ተበዳይዋ «አንቺ ስልኩን ያዢ፣ አፍ አለሽ፤ እማማን እኔ እጠብቃቸዋለሁ» አለችኝ። ስልክ የሚሠራው ደረጃው ሥር ብቻ ስለነበር ወረድኩ። አየር መንገዱን ስለምን፣ ስቆጣ፣ መልሼ ስለምን ቆይቼ፣ ሰዎቹ መድኃኒት አግኝተው ሆቴል መግባታቸውን አረጋግጬ ስወጣ እናቴ አልፋ አገኘኋት። የመጨረሻ ቃሏ ምን እንደነበር ስጠይቅ የግል ተበዳይዋ «ተኝተው ነው ያለፉት፤ ምንም አላሉም» ብላኛለች። አመንኳት። የሰውን እናትና አባት ሳስተናግድ የራሴን ሳልሰናበት መቅረቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የግል ተበዳይዋ ከጊዜ በኋላ ከቢሮው ወጥታ አሠልጣኝ ሆነች። መንገደኛ መሸኘት ሰልችቷት፣ መንገደኛ ስለመሸኘት ማውራት ጀመረች ማለት ነው። አልተጣላንም።

ትናንት እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ «አርኪ የጉዞ አማካሪነት ሙያ እንዴት ይገነባል» ወደሚለው ስልጠናዋ የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ ወደ ሥራው መግባት ትፈልጋለች። ዘግይተን ስለደረስን ከኋላ ተቀመጥን። የግል ተበዳይዋ መድረክ ላይ እየተንጎራደደች የሙያው መሠረት መሥዋዕትነት ነው አለች። ቀጥላም ስለ ጡረተኞቹ፣ ስለ ስልኩና ስለ ደረጃው ተናገረች። ደረጃው ሥር የቆመችው ግን እሷ ሆና፣ ላይ የምትሞተውም የእሷ እናት ሆና ነው። እኔ «አልጋው አጠገብ የነበረች ታማኝ ጓደኛዬ» ተብያለሁ። የግል ተበዳይዋ እናት በሕይወት ያሉ ሲሆን፣ ባለፈው ወር ለጉልበታቸው ሕክምና ሲሄዱ ትኬታቸውን የቆረጥኩላቸው እኔ ነኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እሷን ግን አድምቋታል። አዳራሹ በሙሉ አፉን ከፍቶ ይሰማት ነበር።

እስከዚህ ታግሻለሁ። ታሪኩን ትውሰደው፣ ምን አባቱ ብዬ ለመውጣት ቦርሳዬን አንስቼ ነበር። ያን ጊዜ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቴ ልታልፍ ስትል ዓይኗን ገልጣ ‹ቅብጥብጤ መንገደኞቿን አስገባቻቸው?› ብላ ጠየቀች። ጓደኛዬ ‹አዎ፣ ገብተዋል› አለቻት። ‹ተመስገን። እንግዲህ እሷም አረፍ ትበል› አለች። ከዚያም አንድ ሌላ ነገር ተናገረች፤ እሱን ግን ለራሴ ላስቀረው» ብላ ዓይኗን ጠረገች።

ቅብጥብጤ ብላ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ነበረች፣ እሱንም ሰው በሌለበት። ሰው ፊት በስሜ ነው የምትጠራኝ። ስለዚህ የግል ተበዳይዋ ቃሉን ፈጥራ ልታመጣው አትችልም፤ ከእናቴ አፍ ሰምታዋለች። የእህቴ ልጅ እያለቀሰች «አክስቴ፣ እንዴት ያለች እናት ነበረቻት!» አለችኝ። የምታለቅሰው ለገዛ አያቷ መሆኑን አላወቀችም።

መድረኩ ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ማይክሮፎኑን ከእጇ መንጠቄን አልክድም። ሰድባኛለች ያለችው ሐሰት ነው። ያልኩት «ከዚያስ? ከዚያ ምን አለች?» ብቻ ነው፤ ደጋግሜ ብያለሁ። ተሰብሳቢው የስልጠናው ክፍል መስሎት አጨበጨበ። የግል ተበዳይዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «በእናትሽ፣ አታዋርጂኝ» አለችኝ። በእናቴ ስትለኝ ደሜ ፈላ። ክንዷን ይዤ ጎተትኳት፤ ልታመልጥ ስትል ከመድረኩ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ስትጮህ ሰምቻለሁ። አላዘንኩላትም፤ ይህም ይጻፍ።

የምትጨምሪው አለ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፦ ይቅርታ እንድትለኝ አልፈልግም። ታሪኩንም በየአዳራሹ ታውራው። ብታሰርም አልቃወምም። የምለምነው፣ የግል ተበዳይዋ እጇ በጀሶ ታስሮ ተጨማሪ ቃል ልትሰጥ ስትመጣ፣ እናቴ በመጨረሻ ያለችው ያ ሌላው ነገር ምን እንደሆነ እንድትጠየቅልኝና በመዝገቡ እንዲሰፍርልኝ ነው። እኔ ብጠይቃት አትነግረኝም። ፖሊስ ሲጠይቃት ግን መመለስ አለባት።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ እኔ እንዳልኩት ተጽፏል። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ለራሴ ያስቀረሁት የለም።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________