ስልክ የያዘች ትጠፋለች

ዐረብ አገር፣ ዑረይጃ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ፣ የአሠሪዬ እናት ስልክ እንዳልይዝ ከልክለውኝ ነበር። ወሎ ያለችውን የእናቴን ድምፅ ከሰማሁ ሦስት ወር አልፎኝ ነበር። አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ አብረን ሰላጣ ስንከትፍ ድፍረቱ መጣልኝና በሰባራ ዐረብኛዬ «ማማ፣ ስልክ ለምን ከለከሉኝ?» አልኳቸው።

«ካንቺ በፊት ለነበረችው ልጅ ስልክ ገዛንላት፤ በሳምንቱ ጠፋች። ስልክ የያዘች ትጠፋለች፤ ኸላስ፣ በቃ» አሉኝ።

ክፋት የለባቸውም፤ ከልባቸው አምነውበት ነው። እኔም ሳልቆጣ «በጠፋችበት ቀን ምሳ ምን በላች?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሁላችንም የበላነውን ነዋ፤ ሩዝ በዶሮ።»

«እንግዲያው ሩዝም ያስጠፋል ማለት ነው። ለኔ ግን በየቀኑ ይሰጡኛል» አልኳቸው።

ቢላዋቸውን አስቀምጠው አዩኝ። አለቀልኝ ስል፣ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ጀመር። እንባቸውን እየጠረጉ «ሩዝ ብከለክልሽማ በረሃብ ትጠፊብኛለሽ» አሉና የራሳቸውን ስልክ አቀበሉኝ።

እናቴ «ማን ልበል?» ስትል ለቅሶዬ ቀደመኝ። ማማ ስልኩን ተቀብለው በዐረብኛ ያወሯት ጀመር፤ እሷም በአማርኛ ትመልስላቸዋለች። ከ«አልሐምዱሊላህ» በቀር አንዳቸው ያንዳቸውን አይሰሙም፤ ግን ሁለቱም ይስቃሉ።

በዚያው ሳምንት የራሴ ስልክ ተገዛልኝ። ኮንትራቴን ጨርሼ እስክመለስ ድረስም «ያላ፣ ቶሎ በይ፣ እናትሽ ጋ ደውዪልኝ» እያሉ የሚጨቀጭቁኝ ማማ ነበሩ።