ከዚራ ላይ የፈሰሰው ሜርኩሪ የማን እንደሆነ

ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡40
የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ዝናሽ ሣህሉ
ዕድሜ፦ 79
አድራሻ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ኃላፊ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን አየነው

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው፣ የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር አባል የሆነችው ናሲሞ በስርቆት ተጠርጥራ ስለ ተያዘች፣ ማንም ሳይጠራኝ ቀርቤ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ትናንት ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡15 ላይ ናሲሞ ከየቤቱ የሰበሰበችውን ቆሻሻ በጋሪ እየገፋች ከቤቴ በር ፊት ካለው ዛፍ ሥር ስትደርስ አንድ ማዳበሪያ ተንሸራቶ ወደቀ። በውስጡ የነበረ ጠርሙስ ተሰብሮ ሜርኩሪ በእግረኛው መንገድ ንጣፍ ላይ ፈሰሰ። ሳጅኑ «ፈሳሽ ብር» ብለው ጽፈው ስለነበር አሳርሜያለሁ።

በሥራ ዘመኔ ሜርኩሪን የማውቀው በጠርሙስ ነው። መሬት ላይ ተበትኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ቁጥር ስፍር የሌለው ነጠብጣብ፣ እያንዳንዱ የዛፉን ቅጠልና ቁራጭ ሰማይ በላዩ ይዞ ይሮጥ ነበር። ሻይ ሻጯ ኒሞ መጥረጊያ ይዛ መጣች። ናሲሞ «አቦ ኒሞ፣ እንዳትጠርጊው! ትበትኚዋለሽ» ብላ ነጠቀቻት። ፀሐይ ሲያገኘው የማይታይ መርዝ ሆኖ እንደሚተን፣ ስለዚህ ጥላው ሳይሸሽ መለቀም እንዳለበት ተናግራ ሰዉን አራቀች። ያለችው ትክክል ነው።

በዚህ መካከል የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው አቶ ኃይለየሱስ መጥተው ጠርሙሱ ከሱቃቸው የተሰረቀ ነው አሉ፤ ጎንበስ ብለውም በእጃቸው ዘገኑት። ሜርኩሪ ወርቅ ላይ ስለሚጣበቅ የወርቅ ቀለበታቸው ወዲያው ነጣ። ናሲሞ ቀና ሳትል «ጋሼ፣ ያንተ ከሆነ ቀለበትህን ለምን በላው?» አለቻቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ፖሊስ ጠሩ።

ናሲሞ ጓንት አጥልቃ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ በደረቷ ተኝታ ሠራች። ነጠብጣቡን በሁለት ካርቶን እየገፋች ታገናኛለች፤ የተገናኘውን መርፌ በሌለው ስሪንጅ ስባ ውኃ ባለበት የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ትጨምራለች። የባጃጅ ሾፌሩ አብዲራሺድ የስልኩን መብራት መሬት ለመሬት ሲያበራላት፣ ባዶ የመሰለን ስንጥቅ ሁሉ ያብረቀርቅ ነበር። ደቃቁን በፕላስተር እያጣበቀች አነሳች። ጥላው አንድ ስንዝር ሲሸሽ እሷ ቀድማው አንድ ስንዝር ትሄዳለች። ፖሊሶቹ ደርሰውም እስክትጨርስ ቆመው ጠበቁ። 5፡50 ላይ ፀሐይ ንጣፉን ስትይዘው የቀረ ፍንጣሪ አልታየም። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም።

ጠርሙሱ የአቶ ኃይለየሱስ አይደለም፤ የእኔ ነው። በ1976 ዓ.ም. ቤተ ሙከራችን ሲዘጋ ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ወደ ቤቴ ወሰድኩት፤ አርባ አንድ ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ ኖረ። ማክሰኞ ዕለት ቁም ሣጥኑን ሳጸዳ፣ ወዴት እንደሚወሰድ መጠየቅ አፍሬ በጋዜጣ ጠቅልዬ ከቆሻሻው ጋር ከተትኩት። ናሲሞ ሳትጠይቅ ማዳበሪያ አታነሳም። ትናንትም «እማማ፣ መርፌ፣ ባትሪ፣ መድኃኒት አለበት?» ብላኛለች። የለም አልኳት።

ከስብርባሪው መካከል በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ስታገኝ አይቻለሁ። ጽሑፉ የእኔ ነው። አነበበችው፤ ቀና ብላ አየችኝ፤ በላስቲክ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ማዳበሪያው ከማን ቤት እንደወጣ ፖሊስ ሲጠይቃት «የብዙ ቤት ነው፣ አላስታውስም» አለች። ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ናሲሞ እንድትለቀቅ እጠይቃለሁ። ሜርኩሪው ያለበት ዕቃም አሁን ከተቀመጠበት የጣቢያው መስኮት፣ ፀሐይ ሳትደርስበት፣ ባለሙያ መጥቶ እስኪረከበው ወደ ጥላ ይዛወር።

ቃሌ ተነቦልኝ፣ ሁለት ቦታ አሳርሜ፣ ያየሁትም ያደረግሁትም ይኸው መሆኑን አረጋግጫለሁ። ናሲሞ ኪስ ውስጥ ያለው ወረቀት ወጥቶ እንዲመሳከር፣ በላዩ የተጻፈውን ከፊርማዬ በላይ በእጄ ደግሜ ጽፌዋለሁ።

«መርዝ ነው። በእጅ አይነካም።»

ዝናሽ ሣህሉ (ፊርማ)
ሳጅን አየነው (ፊርማ)