የእጃጂው ኦቨን

እጃጂ ከተማ ዳቦ ቤት ያላቸው አዴ ጫልቱ፣ "የነገ ሠርግ ዳቦ ታዝዣለሁ፤ ኦቨኑ ግን ግማሹን አሳርሮ ግማሹን ጥሬ ያወጣብኛል፤ ድረስልኝ" ብለው ደወሉልኝ። የኤሌክትሪክ መምህር ነኝና ከአምቦ በክብር ደረስኩ። መብራቱን አጥፍቼ የጀርባ ክዳኑን ስፈታ፣ ሙቀቱን የሚያዳርሰው ፋን ሽቦው ተነቅሎ ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሎ አገኘሁት።

"ማነው የነቀለው?"

"እኔ ነኛ! ውስጥ ሲነፍስ ሰማሁት። ሊጤን ብርድ ይምታብኝ እንዴ፣ መምህር?"

ነፋስ ሰውንም ሆነ ሊጥን እንደማይጎዳ በሳይንስ አስረዳኋቸውና ሽቦውን መልሼ አገናኘሁት። የመጀመሪያው ዳቦ ዙሪያውን እኩል ቀልቶ ወጣ። አዴ ጫልቱ እልል ብለው አንዱን አሸከሙኝ።

ስመለስ ከፊቴ የተቀመጠው ተሳፋሪ የሚኒባሱን መስኮት ከፈተ። ትኩሱን ዳቦ እንዳቀፍኩ ጮህኩበት፦ "ኧረ ዝጋው ወንድሜ፣ ብርድ ልታስመታን ነው!"