ለማቤል የተሰናዳው ሣጥን

ሌላንድ ፕሩዊት የውሃውን ጎማ ጫፍ በመኪናው ታንከር አፍ ከትቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ውሃው ሲሞላ የሚያሰማውን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። አልጋና ምድጃ ያለው ይህ መኪና ከጡረታ ወዲህ ቤቱ ነው። ሚስቱ ኦፓል ከሞተች በኋላ ደግሞ ቤተሰቡ ማቤል ብቻ ናት፤ ጆሮዋ የተንጠለጠለ ቡናማ ውሻ። ነገ ማለዳ ሁለቱ ከሠፈሩበት የበረሃ ሜዳ ተነሥተው ከተራራው ጀርባ ወዳለው ደረቅ ወንዝ ሊሄዱ ነው።

ዳሊያ ኦርቴጋ ባዶ ጄሪካን አንጠልጥላ ተራ ልትጠብቅ መጣች። ትምህርት ቤት ተዘግቶላት ከአክስቷ ጋር በጎረቤት መኪና የከረመች የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ናት።

«ደህና ዋሉ ሚስተር ፕሩዊት። ጉዞ ነው እንዴ?»

«ጎህ ሲቀድ። እዚህማ የሰዉ ጄኔሬተር ሲያንኮራፋብኝ ከረመ።»

«ስልክ የሚሠራበት ቦታ ነው?»

«ቢሠራማ ለምን እሄዳለሁ?»

ዳሊያ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን በጥላው ውስጥ የተኛችው ማቤል ላይ ቀረ። «ለእሷስ ምን ይዘውላታል?»

«ምግቧን፣ ውሃዋን፣ የአልጋዬን እኩሌታ።»

«የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ ማለቴ ነው።»

«ይኸውላችሁ፣ ዶክተሯ መጣች!» አለ ሌላንድ። «ልጄ፣ አባቴ በርካታ ውሾች አሳድጓል። ቁስላቸውን የአሳማ ስብ ይቀባላቸዋል፣ እነሱም ይልሱታል፣ ይድናሉ።»

«ያልዳኑትስ?»

«ያልዳኑትማ ከጓሮው ዛፍ ሥር ናቸው።»

ቀልዱን ሲናገር ራሱንም ደስ አላለውም። ቶሎ ብሎ ጨመረ፦ «መከራን በሣጥን ይዞ የሚዞር ሰው፣ መከራውን ይጠራዋል።»

«ትርፍ ጎማ ይዘዋል?»

«ያለሱ የሚወጣ እብድ ነው።»

«ጎማው እንዲፈነዳ ፈልገው ነው?»

ሰው ለሚነዳው ብረት ብዙ ያስባል፤ ቀበቶው ቢበጠስ፣ አምፖሉ ቢቃጠል ብሎ ሁሉንም ያዘጋጃል። ትንፋሽ ላለው ጓደኛው ግን «እግዜር ያውቃል» ይላል። ስንፍና ሆኖ አይደለም፤ የምንወደው ሲጎዳ በዓይነ ኅሊናችን ማየት ስለሚያስፈራን ነው።

«ብዙ አይደለም» አለች ዳሊያ በትሕትና። «ፋሻ፣ ወረንጦ፣ የቁስል ማጠቢያ። ከሁሉ በፊት ግን የአፍ ማሰሪያ።»

ሽማግሌው ፊቱን አጠቆረ። «ለማን? ለማቤል? ኦፓል በእጇ ያሳደገቻት ናት! ዝንብ እንኳ ነክሳ አታውቅም። አንቺን አፍሽን ቢያስሩሽ ትወጃለሽ?»

«ሲያማት ግን...»

«ሲያማት እኔ አለሁ።»

የውሃውን ጎማ ነቅሎ ሰጣትና ፊቱን አዞረ። እሷም አንገቷን ደፍታ ጄሪካኗን መሙላት ጀመረች። ማቤል በዚህ መሐል እንሽላሊት ተከትላ ወደ ቁጥቋጦው ሄዳ ኖሯል። የጮኸችው ጩኸት ሁለቱንም አስደነገጣቸው።

የፊት እግሯ ላይ ቾላ የሚባለው ቁልቋል እሾካም ቁራጭ ተጣብቆባታል። ታነክሳለች፣ ትሽከረከራለች፣ እሾኩን በአፏ ልትነቅል ትጣጣራለች። ሌላንድ ሮጦ ተንበረከከ። «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ» እያለ እግሯን ያዘ። ማቤልም ዞራ እጁን ነከሰችው።

ደሙ ይንጠባጠብ ጀመር። ሌላንድ ለልቡ የሚወስደው ክኒን ደሙን ስለሚያቀጥነው፣ ትንሽ ጭረት እንኳ ቶሎ አይቆምለትም።

«አክስቴ! ቀዩን ቦርሳ!» ዳሊያ ጮኸች። አክስቷ ኔልዳ በነጠላ ጫማ እየሮጠች አመጣችው። ልጅቷ ወፍራም ፋሻ በእጁ ላይ ደፍታ «ይጫኑት። ቆመ አልቆመ ብለው ገልጠው እንዳያዩ» አለችው።

ከዚያ ወደ ውሻዋ ዞረች። ረጅም ፋሻ እንደ ቀለበት አዙራ ከበስተኋላዋ ሆና በአፏ ላይ አጠለቀች፤ ከአገጯ ሥር አቋልፋ ከጆሮዋ ኋላ አሰረችው። ኔልዳ ማቤልን አቅፋ ያዘች። ዳሊያ ማበጠሪያ በእሾኩና በእግሯ መካከል አስገብታ ቁራጩን አስፈንጥራ ጣለችው። የቀሩትን እሾኮች አንድ በአንድ በወረንጦ ለቀመቻቸው። ወዲያው የአፏን ማሰሪያ ፈታችላት።

«ይህ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው» አለች። «የሚያስመልሳት ወይም ትንፋሽ ያጠራት ከሆነ አፏ አይታሰርም።»

ሌላንድ ግን የሰማት አይመስልም። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ፋሻውን እንደ ተጫነ፣ «ነከሰችኝ» አለ። «እኔን!»

«እርስዎን አይደለም የነከሰችው፤ ሕመሙን ነው። ያን ሰዓት የምታየው እጅ ነው እንጂ ሰው አይታያትም።»

ማቤል እያነከሰች መጥታ ጉልበቱን ላሰችው። የሽማግሌው ዓይን በእንባ ተሞላ። በደኅናው እጁ ከኪሱ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ብልቃጥ አወጣ። «ከሥቃይዋ ታርፍ። ግማሹን በቺዝ ጠቅልዬ...»

«አይሆንም!» ዳሊያ ብልቃጡን ያዘች። «ለእርስዎ የሚያሽልዎት የሕመም ማስታገሻ የእሷን ሆድ ያደማል፣ ኩላሊቷን ይጎዳል። ሐኪሟ ያላዘዘላትን አንድም ክኒን አይስጧት።»

ሌላንድ ብልቃጡን ደጋግሞ አየው። በዚያ በረሃ ማንም «አይሆንም» ባይለው፣ በፍቅር ይሰጣት ነበር።

«ኦፓል የታመመች ጊዜ ይህ መኪና ሆስፒታል ሆኖ ነበር» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «በየመሳቢያው ፋሻ፣ ጓንት፣ መርፌ። የሞተች ዕለት ሁሉንም ሰብስቤ ጣልኩት። ሁለተኛ የበሽታ ዕቃ እዚህ አይገባም አልኩ። አንቺን የተቆጣሁሽ ለዚህ ነው።»

ዳሊያ ከጎኑ ቁጢጥ አለች። «አላወቅሁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገር ግን ይህ ነገ ቢሆንስ? እርስዎ እየደሙ፣ እሷ በሦስት እግሯ፣ ስልክ የለም። ለሁለታችሁም ያለው ሾፌር አንድ ነው።»

ሌላንድ በደኅናው እጁ የማቤልን አፍ ዙሪያ ዳሰሰ። «ለስላሳ የሆነ የአፍ ማሰሪያ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«አለ።»

«ሰማያዊ ይሁንላት።»

ኔልዳ ያንኑ ዕለት ወደ ከተማ ወሰደችው። እጁን ሐኪም አጠበለት፤ ማቤልንም የእንስሳት ሐኪም አያት። ጉዞው ለጊዜው ቀረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እሱና ዳሊያ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የነበረበትን ሣጥን አጥበው በመኪናው ጠረጴዛ ላይ ከፈቱት። ሽማግሌው በአዲሱ ሰማያዊ የአፍ ማሰሪያ ውስጥ የለውዝ ቅቤ ቀብቶ ማቤል አፍንጫዋን እያስገባች እንድትልስ አስለምዷት ነበር።

«ማሰልጠኑን ከማን ተማሩት?» አለችው።

«ከራሴ። እኔም ለለውዝ ቅቤ ስል አፌን እዘጋለሁ።»

«ፋሻው ይኸው፣ ራሱ በራሱ የሚጣበቀው። ሲጠቀልሉት አያጥብቁት፤ ጣትዎ ከሥሩ ይግባ።»

«እባብ ቢነድፋትስ? ቆርጬ መርዙን ልምጠጥ? አባቴ...»

«አባትዎ ነፍሳቸውን ይማር፣ አይቁረጡ፣ አይምጠጡ፣ እግሯንም በጨርቅ አጥብቀው አይሰሩት። እንዳትሮጥ ተሸክመው መኪናው ውስጥ ያስገቧት። ለእባብ መድኃኒቱ የመኪናው መሪ ነው፤ እየነዱ ወደ ሐኪም።»

ማበጠሪያና ወረንጦ፣ የቁስል ማጠቢያ፣ ጓንት፣ የሙቀት መለኪያ፣ በመንገዱ ላይ ያሉትን የእንስሳት ሐኪሞች ስልክ የያዘ ወረቀት አስገቡ። ፋሻውን ሲያነሣ የሌላንድ እጅ ለአንድ አፍታ ቆመ፤ ከዚያ በቦታው አኖረው።

እንዲህ ያለ ሣጥን ሞትን አያስቀርም። ነገር ግን የደነገጠ ሰው እጁ የሚያርፍበት ነገር ያገኛል፤ ደም ይቆማል፣ እሾኽ ይነቀላል፣ ከፍቅር የሚመጣው ስሕተትም በክዳኑ ላይ በተለጠፈው «መጀመሪያ ሐኪሟን ጠይቅ» በሚል ጽሑፍ ይገታል። ፈሪ የነበረው ሌላንድ ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ ፍርሃቱን ግን ሥራ አስያዘው።

«አሁንስ ስልክ ወደማይሠራበት ይሄዳሉ?» አለች ዳሊያ።

«እሄዳለሁ። ግን ወደ ኮረብታው አፋፍ፣ ስልክ ወደሚይዝበት ጠጋ ብዬ። የምመለስበትንም ቀን ለአክስትሽ ነግሬያለሁ።»

ክዳኑን ዘጋና መቆለፊያውን ቀጭ አደረገ። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ አስገብቶ እንዳይንሸራተት በጠፍር አሰረው፤ ሳብ ሳብ አድርጎም መጥበቁን አየ።