ከክምሩ ሥር ስለተጠመዘዘው ቁርጭምጭሚት

ሚስተር ሆይት ላሲተር የፓይን ሪጅ ኮሌጅን ባንዲራ በግራና በቀኝ የሰቀሉበትን ፒክ አፕ ነዳጅ ሲሞሉ፣ ከጎናቸው ዶክተር ሬኒታ ፐርስል ከመኪናዋ ወረደች። ያላዩ ለመምሰል ወደ ጎማው አጎነበሱ፤ ነገር ግን ባለ ሁለት ባንዲራ መኪና ይዞ መደበቅ ከባድ ነው።

"እንደምን ዋሉ፣ ሚስተር ሆይት? ማታ ስብሰባው ላይ እንገናኛለን አይደል?"

"አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ የኔ ልጅ። ልጁን እንለቀዋለን፣ ወደየቤታችን እንገባለን።"

ልጁ የተባለው የኮሌጁ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ግዙፍ ተከላካይ፣ ትሬስ ኮልቪን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ኳስ የያዘው የባላጋራ ልጅ ወድቆ ሁሉም ሲከመርበት፣ ኮልቪን ከክምሩ ሥር እጁን ሰዶ ቁርጭምጭሚቱን እንደ እርጥብ ልብስ ጠመዘዘው። ዳኛው አላየም፤ የአንድ ተመልካች ስልክ ግን አየ። ጉዳዩን ከያዘው የኮሌጁ ኮሚቴ ሦስት አባላት መካከል ዲኑ ይለፍ ብለዋል፣ ሕግ አስተማሪዋ ሬኒታ ይቀጣ ብላለች፤ የቀድሞ ተጫዋቾችን የሚወክሉት ሚስተር ሆይት ወዳዘነበሉበት ነገሩ ያዘነብላል። የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ጨዋታው ከዋናው ባላንጣ ከብላክ ክሪክ ጋር ነው። በፓይን ሪጅ ሰው ሠርጉን እንኳ የሚቀጥረው ይህን ቀን ሸሽቶ ነው።

"ፉትቦል የመዘምራን ልምምድ አይደለም" አሉ ሚስተር ሆይት። "እኛ ከክምር ሥር ስንት ጉድ አይተናል! ዳኛ ካላየ የለም ማለት ነው።"

"እርስዎ ላይስ ደርሶ ያውቃል?"

መጠየቅ አልነበረባትም። ሚስተር ሆይት ጫፉ እንደ መንጠቆ የተጣመመ ጣታቸውን አፍንጫዋ ሥር ደቀኑ።

"ይሄን አየሽው? ሮይስ ስታምፐር! የብላክ ክሪኩ! ነከሰኝ እኮ! ማንም ምን አደረግህ አላለውም!"

"አሁን የአየር ማቀዝቀዣ የሚጠግነው ሮይስ?"

"እሱው አውሬ! ባለፈው ሐምሌ፣ አስፋልት በሚያቀልጠው ሙቀት፣ ማቀዝቀዣችን ቀጥ አለ። ሚስቴ ዊልማ 'ሮይስን ጥራው' አለችኝ። ሞቼ ነው! ወር ሙሉ እንደ ዳቦ ተጋገርን። እሷ እህቷ ቤት ገባች።"

ሬኒታ ሳቋን ዋጠች። "ያኔ ቀጥተውት ቢሆንስ? ግማሽ ጨዋታ እንበል።"

"ግማሽ? ለዚህ ጣት? አንድ ሙሉ ጨዋታ! መጥቶም ፊት ለፊት ይቅርታ ይበለኝ!"

"ይሁን። ከዚያስ?"

"ከዚያማ... ከዚያማ አለቀ። ምን ቀረ?"

"ማቀዝቀዣውንም ያሠሩት ነበር?"

ሚስተር ሆይት ጎማውን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉ። "ሥራውስ ጥሩ ነው ይላሉ።"

"አዩ፣ እነሱ ያልቀጡትን ሰው እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሲቀጡት ኖሩ፤ ዊልማንም አብረው። ያ እግሩ በፋሻ የታሰረ ልጅም በኮልቪን ላይ ቂም ይዞ ሊያረጅ ነው።"

አንዳንድ ሰው አዲስ ሐሳብ ሲገባው በሩን ሰብሮ ያልፋል። "እንግዲያው ዓመቱን ሙሉ ይታገድ!" ብለው ጮኹ ሚስተር ሆይት። "ከኮሌጁም ይባረር!"

"ኧረ ቀስ! ካበዛንበት ኮልቪን ደግሞ በእኛ ላይ ቂም ይዞ ያረጃል። አሁን የፈረዱት ይበቃል።"

"እኔ ምን ፈረድኩ?"

"አንድ ሙሉ ጨዋታ፣ ፊት ለፊት ይቅርታ።"

"ያ ለሮይስ ነው!"

"የሮይስ ጥርስ ከኮልቪን እጅ በምን ይለያል?"

"አንድ ጨዋታ ማለት... ቅዳሜን?"

"ቅዳሜን።"

ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማታ ግን እጃቸውን ለቅጣቱ አወጡ።

ፓይን ሪጅ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ በስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ፣ እንደ አገሩ ልማድ በየመኪናው ጀርባ ጥብስ እየጨሰ፣ ሚስተር ሆይትን ሰላም የሚል ጠፋ። ሆኖም ቅጣቱ ሥራውን ሠርቷል። ኮልቪን የተጎዳውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል፤ ወደ ሜዳ ሲመለስም እግሩ ላይ ሊበቀለው የሚያደባ አይኖርም። በዕለቱም ከክምር ሥር እጁን የላከ አልነበረም፤ እናቶች ዓይናቸውን ሳይሸፍኑ አይተዋል። ይህ ከአንድ ነጥብ ይበልጣል፤ በፓይን ሪጅ ግን ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም።

የድሮ ጓደኛቸው ደብ ፋርሊ "ኮልቪን ቢኖር!" እያለ መጣና፣ ጸሎት ሳይደረግ ትልቁን ጎድን ከሚስተር ሆይት መጥበሻ ላይ ላፍ አደረገ።

"መልስ!" አሉት፣ መቆንጠጫውን ይዘው። "ሁሉም አንድ አንድ እስኪበላ ተቀምጠህ ትጠብቃለህ።"

ደብ አኩርፎ ተቀመጠ። ሁሉም በላ። ያን ጊዜ ሚስተር ሆይት ሳህን ሞልተው አመጡለት።

"ብላ።"

"እስከ ገና ልትሳለቅብኝ ነው አይደል?"

"በምኑ?" አሉ ሚስተር ሆይት ድስቱን እያቀረቡለት። "አለቀ እኮ። ስጎ ልጨምርልህ?"